አደባባይ የተሰቀለው ዱዓ

ከሚሴ ውስጥ ባንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ዲጂታል ካሜራ ገና ብርቅ ስለነበር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ስሄድ ደረቴን እነፋ ነበር። ማንንም አላስፈቅድም። «ለምን ታነሳኛለህ?» ላለኝ ሁሉ አንዲት መልስ ነበረችኝ፦ «የሕዝብ ቦታ ነው!» ይህችን መልስ ያስተማረኝ አለቃዬ ነው። እሱ ሕግ ማንበብ ቀርቶ የራሱ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ እሁድ ሰንበቴ ከተማ ገበያ፣ ከብት ተራ፣ አንዲት እናት ወይፈን ሸጡ። በኛ በኩል ሽያጭ የሚያልቀው በዱዓ ነው። ሻጩ መዳፉን ዘርግቶ «አላህ በረካ ያድርግልህ» ይላል፣ ገዢውም እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል፣ ገመዱን የሚረከበው ከዚያ በኋላ ነው። ሴትዮዋ አቧራ የጠገበ ሻሽ እንዳሰሩ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነበር። አነሳኋቸው። ገዢውና ወይፈኑ ከፎቶው ውጭ ቀሩ።

አለቃዬ ፎቶውን ሲያይ ፈነደቀ። በሳምንቱ ከሚሴ አስፋልት ዳር ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ሴትዮዋ ቤት አክለው፣ ከበላያቸው «ልመናን በጋራ እናስወግድ!» ተብሎ ተጽፏል። ከአለቃዬ በላይ ያሉትም መጥተው አጨበጨቡ። እኒህ ሴት ለማኝ ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ መጠየቅም አያስፈልገኝም፣ አውቃለሁ። ግን አለቃዬ ካሜራውን እንዳይቀማኝ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ሴትዮዋ ራሳቸው ቢሮ መጡ። ሴት ልጃቸውን ለማጨት ቀጠሮ የያዙ ሽማግሌዎች ባነሩን አይተው «የለማኝ ልጅ ለልጃችን አናጭም» ብለው ቀርተዋል።

«አውርዱልኝ» አሉ።

አለቃዬ ወንበር እንኳ አልሰጣቸውም። «እናቴ፣ የተነሱት የሕዝብ ቦታ ነው። ሕጉ ይፈቅዳል። ደግሞ ለማስተማር ነው።»

ሕጉ ይፈቅዳል! የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማሳየትን እንደሚከለክል እኔም ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ለትምህርት ሲባል የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፣ እሱም ተጽፏል። ግን ወይፈን የሸጠችን እናት ለማኝ ብሎ መስቀል ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

«እኔ ለምኜ አላውቅም» አሉ ሴትዮዋ። «ለገዢዬ ዱዓ ሳደርግ ነው። ይኸው፣ ይሄ ልጅ አጠገቤ ነበር።»

አለቃዬ ወደኔ ዞረ። «ታስታውሳለህ?»

«የማነሳው ሰው ብዙ ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አለቃዬን ዞር ብለውም አላዩት። «ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ እሱስ የሰው አገር ሰው ነው፣ ዱዓችንን አያውቅም። አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ይህን ብለው ወጥተው ሄዱ።

ባነሩን ሕግም አላወረደው፣ እኛም አላወረድነውም። የክረምት ነፋስ ቀዶ ጣለው። ልጅቷን ሌላ ሰው ይጠይቃት አይጠይቃት አልሰማሁም፣ ለመጠየቅም ፊት አልነበረኝም።

በመጨረሻ አንድ እሁድ ካሜራዬን ትቼ ይቅርታ ልላቸው ሰንበቴ ወረድኩ። ላም ሸጠው እጃቸውን ዘርግተው አገኘኋቸው። ቀና ሲሉ አዩኝ። ዱዓውን አቋርጠው ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡ። ገዢው አሚን ሊል መዳፉን እንደዘረጋ ግራ ገብቶት ቆመ።