የናታን ማልያ የጎን ስፌት

ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት በዕቃ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። አለቃዬ ካርል የቁልፍ ዘለላ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሟል። የመስመር አሰልጣኙ ኮች ዴቭ ሄልሜቶቹ የተደረደሩበትን መደርደሪያ ተደግፏል። አንድ ግዙፍ ተጫዋች ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ክፍሉ መሃል ቆሟል። እኔ ከተጫዋቹ ብብት ሥር ነኝ፤ ስፒሎች በከንፈሬ ይዣለሁ።

"አጥብቢው" አለኝ ኮች ዴቭ።

አጠበብኩት።

"አሁንም አጥብቢው።"

"ልጁ መተንፈስ አለበት" አልኩት።

"ሲዝኑ ሲያልቅ ይተነፍሳል" አለኝ።

ከዚያ በፊት እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በአንድ ላውንደሪ ቤት ልብስ አስተካካይ ነበርኩ። እዚያ ሰው የሚመጣው ሱሪው እንዲለቀቅለት ነው። በተቀጠርኩበት ኮሌጅ የፉትቦል ቡድን ውስጥ ግን ሥራዬ ተገላቢጦሽ ሆነ። ምክንያቱን ያስረዳኝ ካርል ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። ከፊቱ አምስት ሰዎች ተሰልፈው ተቃራኒውን ይገፋሉ፤ መስመር የሚባሉት እነሱ ናቸው። ተቃራኒው ማልያቸውን ከጨበጠ ጎትቶ ይጥላቸዋል። ስለዚህ የእነሱ ማልያ የሚጨበጥ ትርፍ ጨርቅ ሊኖረው አይገባም።

ጨዋታውን የተማርኩት ከሜዳው ይልቅ ከእጥበቱ ነው። መስመሩ ጠንካራ በሆነበት ቅዳሜ የኳርተርባኩ ማልያ ሰርግ ቤት ውሎ የመጣ ይመስላል። መስመሩ በደከመ ጊዜ ጀርባው እስከ ኮሌታው በሣር አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ልጅም መንገድ የሚከፍትለት ስለሌለ ደረቱ ጭቃ ብቻ ነው። ከሁሉም የማዝነው ለተከላካዮቹ ነበር። ምንም ሳያጠፉ፣ አጥቂዎቹ ኳሱን ቶሎ ቶሎ ስለሚያስረክቡ ውሃ እንኳ በወጉ ሳይጠጡ ወደ ሜዳ ይመለሳሉ። ማልያቸው ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል። የአምስት ሰው ድክመት ለእኔ የመላው ቡድን እጥበት ነው። ካርል አረንጓዴውን ክምር ሲያይ ተጨማሪ የእድፍ ማስለቀቂያ ከመጋዘን ያመጣልኛል።

በመጨረሻው የሥራ ዓመቴ መስመሩ በጣም ደክሞ ነበር። ሁለቱ ጎበዞች ተመርቀው ሄደዋል። ኳርተርባኩ ትከሻው ላይ በረዶ አስሮ ነው የሚውለው። የመስመሩ መሃል ናታን ነበር፤ አሌክሳንድሪያ ያደገ፣ የወይንሸት ልጅ። እናቱን በላውንደሪ ቤቱ ደንበኝነት አውቃታለሁ። እሱ እማማ ስንዱ ይለኛል።

ሐሙስ ዕለት ማልያውን ስለካለት ኮች ዴቭ ገባ።

"ቅዳሜ አንድ ሰው በአንተ በኩል አልፎ ኳርተርባኩን ከመታብኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ለአንድ ጨዋታ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው" አለው።

ለናታን የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። አንገቱን ሊደፋ ሞከረ፤ ማልያው ስለጠበበ ብዙም አልተደፋለትም።

ማልያ ከዕቃ ክፍሉ አይወጣም። የዚያን ሳምንት ግን የናታን አያት ከአገር ቤት መጥተው ከልጅ ልጃቸው ጋር ፎቶ ሊነሱ ፈለጉ፤ ማልያውን ለብሶ። አያት ሲባል ካርል ለሰለሰ። ዓርብ ማታ ተሰጠው፤ ቅዳሜ ጠዋት ለብሶት መጣ።

ጨዋታው ሲጀመር እንደ ልማዴ ወደ ሜዳው መውጫ በር ላይ ቆምኩ። የተቃራኒው ቡድን አንድ ረጅም ልጅ የናታንን ማልያ ከብብቱ ሥር ጨብጦ እንደ ፌስታል ጎተተው። ናታን በጉልበቱ፣ ኳርተርባኩ በጀርባው ሆኑ። ብዙ ሳይቆይ ተደገመ። ናታን ፈርቶ ጊዜው ሳይደርስ መነሳት ጀመረ፤ ዳኛው የጥፋት ምልክት የሆነውን ቢጫ ጨርቅ ጣለበት። አሰልጣኞቹ ረጅም ውርወራ ማዘዝ ተዉ። ኮች ዴቭ ተቀያሪውን ልጅ አስነስቶ እንዲያሟሙቅ አደረገ።

በዕረፍት ሰዓት ካርልን "ናታንን አምጣልኝ" አልኩት። ማልያውን ለሁለት ጎትተን አወለቅነው። ገለበጥኩት። የእኔ ስፌት በመኪና፣ ድርብ ነው። ያየሁት ግን በእጅ የተሰፋ፣ ከእኔ መስመር ሦስት ጣት የተለቀቀ ነው።

"ይህን ማን ነካው?"

"እማዬ። ሺ ሴድ አይ ካንት ብሪዝ፤ መተንፈስ አትችልም አለች።"

"ስትለብሰው አላወቅህም?"

"ተመችቶኝ ነበር፣ እማማ።"

ይህን እየተባባልን ወይንሸት በሩ ላይ ደረሰች።

"እትዬ ስንዱ፣ ልጄ ምን ሆኖ ነው በየደቂቃው የሚንበረከከው?"

"ወይንሸት፣ ይህን ማልያ የለቀቅሽው አንቺ ነሽ?"

"ታዲያስ! እንደ ቋሊማ ታሽጎ መጣ እኮ። እናቴ አይታው አለቀሰች። የትኛዋ ደንቆሮ ናት እንዲህ አድርጋ የሰፋችው አልኩ።"

"እኔ ነኝ።"

ጎንበስ ብላ ማልያውን አየችው።

"ስፌቱስ ቆንጆ ነበር" አለች።

ለምን እንደጠበበ ነገርኳት። "ውይ በሞትኩት!" ብላ ቦርሳዋን መሬት ጣለችና የማልያውን ጫፍ ወጥራ ያዘችልኝ። ትርፉን ጨርቅ አለመቁረጧ በጀን። እሷ እየወጠረች እኔ ሁለቱንም ጎን በመኪናው አስኬድኩት። ስናለብሰው ከካርል ጋር ሦስታችን ነን የጎተትነው።

"እማዬ፣ አንገቴን!"

"ዝም በል፤ አንተ ነህ አልተነፈስኩም ያልከኝ!"

ኮች ዴቭ ገባ። "ልፋታችሁን ተዉት፤ ተቀይሯል" አለ።

"መጀመሪያ ጎኑን ጨብጠው" አልኩት።

ጨበጠ፤ ጣቶቹ ተንሸራተቱ። በሁለት እጁ ሞከረ። የእጅ ስፌቱን ክር ከወለሉ አንስቶ አየው፤ ወይንሸትንም አያት። እሷ ቦርሳዋን ስትፈልግ ነበር።

"አንድ ዕድል። ከተገፋህ ራስህ ወጥተህ ተቀመጥ" አለው ናታንን።

በሁለተኛው አጋማሽ ረጅሙ ልጅ ያንኑ ቦታ ለመጨበጥ መጣ። እጁ አመለጠው። እንደገና መጣ፤ ከዚያ የገዛ ጓንቱን ገልብጦ አየ። ኳርተርባኩ ቆሞ ማየት ቻለ፤ ቆሞ ወረወረ። ተከላካዮቻችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ አየሁ። የመስመሩ ቀኝ በኩል ግን እንደ ደከመ ነበር፤ በዚያ በኩል ገቡብንና በጥቂት ነጥብ ተሸነፍን። በናታን በኩል ማንም አላለፈም።

ጨዋታው እንዳለቀ ኮች ዴቭ ሄልሜቱን ሊመልስ የመጣውን ናታንን በሩ ላይ አገኘው።

"ሰኞ ልምምድ ላይ መሃል ነህ። እንዳትዘገይ" ብሎት አለፈ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ጠባብ ልብስ ስታገኙ ስፌቱን ከመፍታታችሁ በፊት ያጠበበውን ሰው ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

የዚያን ቀን የኳርተርባኩን ማልያ ዘፍዝፌ የስፌት መኪናውን ሸፈንኩ። ወይንሸት ሲልቨር ስፕሪንግ ቤትዎ ላድርስዎት ብላ ደጅ ሞተር አስነስታ ትጠብቀኝ ነበር። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።