በ«ታ» እና በ«ል» መካከል

የአውቶቡስ ግቢው ሹፌሮች «እንቁላሉ» ይሉታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ይዘው ነው። ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ቀስ ብሎ ይበላል፣ አውቶቡሱን ሞልቶ ቁልቁለት ሲወርድም አንዲት ተሳፋሪ ከእንቅልፏ አትነቃም። ይሄ ለሹፌር ምስጋና መሆን ነበረበት። እዚያ ግቢ ግን ጎማ ያላስጮኸ፣ ክላክስ ያላንባረቀ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሰው እናት ያልተሳደበ፣ ሹፌር ተብሎ አይቆጠርም።

ማንበብ የተማረው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። የትልቅ አውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ያለ ጽሑፍ ፈተና አይሰጥም ሲሉት፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ ጉልበቱ በማይገባበት የልጆች ዴስክ ላይ ተጣጥፎ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊደል ቆጠረ። ፈተናውን በሦስተኛው አለፈ። ከዚያ ወዲህ ያነባል፤ ግን እንደ ሌላው ሰው በዓይኑ ሳይሆን በከንፈሩ ነው። አንዷን ፊደል ይይዛል፣ ስሟን ይጠራል፣ ቀጣይዋን ያመጣል፣ ከዚያ ያጋባቸዋል። ሰው እያየው ከሆነ ጭራሽ አይጀምርም። «መነጽሬን ረስቼ ነው» ይላል። መነጽር ኖሮት አያውቅም።

«ያ መነጽርህ የት አገር ነው ተረስቶ የቀረው?» ትለዋለች ሚስቱ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም ከመርፌዋ አይተናነስም።

የግቢው የስምሪት ኃላፊ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ከኋላው «ሊቁ» ይሉታል፤ ከፊቱ «አለቃ»። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሁለቱ ቀለም የላቸውም። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሰው ሲመጣበት ብቻ አፍንጫው ላይ ያወጣዋል። ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ቢሮ ይገባል። ለሰው ሁሉ ያለው ስም አንድ ነው፤ መሃይም። ጎማ የፈነዳበት መሃይም ነው። ዝናብ ያዘገየው መሃይም ነው። ወለሉን ስትወለውል እግሩን ያረጠበችበት የጽዳት ሠራተኛም መሃይም ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይሄን ቃል በየጠዋቱ ሲያድለው፣ እንቁላሉ ሁልጊዜ ለእሱ የተባለ ይመስለው ነበር። ሌላው ይስቃል፤ እሱ አንገቱን ይደፋል። ዝም አይነቅዝም ብሎ ነው የኖረው።

አንድ ሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጣ። የመንጃ ፈቃድ መዝገብ አሁን በኢንተርኔት ይታያል፤ ቁጥሩ ሲገባ ፈቃዱ የሚሠራ መሆኑ፣ ስንት የጥፋት ነጥብ እንዳለበት፣ ባለቤቱ ምን ምን ዓይነት መኪና መንዳት እንደሚፈቀድለት አንድ በአንድ ይወጣል። ስለዚህ መዝገቡ ሳይታይ ለማንም ሹፌር ቁልፍ አይሰጥም። ለሊቁ ኮምፒዩተር ተላከለት። እንኳን ኮምፒዩተር ተጨምሮለት፣ እንዲያውም ራሱን የሚኒስትር ምክትል አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። የኮምፒዩተሩን ማያ ወደ ራሱ አዙሮ ተቀመጠ፤ ለሹፌሮቹ የደረሳቸው የማያው ጀርባ፣ አቧራውና ሽቦው ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት በመስኮቱ ፊት ተሰለፉ። የእንቁላሉ ተራ ደረሰ።

«ቁጥር!» አለ ሊቁ።

መንጃ ፈቃዱን አቀበለው። ሊቁ በአንድ ጣቱ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ ቁጥሩን ለቀመ። መነጽሩን ሰቀለ። ማያውን አንዴ በዓይኑ ገረፍ አደረገው።

«ታግዷል!»

«ምን አሉኝ?»

«ታግዷል ነው የምልህ! ጆሮም የለህም እንዴ?»

«አለቃ፣ እኔ እኮ ባለፈው ወር ነው ያሳደስኩት። ደረሰኙም...»

«እና ኮምፒዩተር ይዋሻል? ሰምታችኋል? መሃይም ዛሬ ከኮምፒዩተር ጋር ሊከራከር መጣ!» ሰልፉ ሳቀ። ሊቁ ከግድግዳው ላይ የአሥራ ሁለት ቁጥርን ቁልፍ አወረደ። አሥራ ሁለት ቁጥር እንቁላሉ የሚነዳው አዲሱ አውቶቡስ ነው። የሊቁ ሚስት ወንድም አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ያ አውቶቡስ ግቢ ከገባ ጀምሮ ዓይኑን ያልነቀለበት። ጥርሱን ሊያስነቅል ወንበር ላይ እንደ ወጣ ሰው አፉን ከፍቶ ነበር የሚጠብቀው። ቁልፉን በአየር ላይ ቀለበው።

እንቁላሉ ከሰልፉ ወጣ። ንጹሕ ሰው ሲከሰስ መጀመሪያ የሚመረምረው ራሱን ነው፤ ግቢውን አቋርጦ እስኪወጣ ድረስ የሃያ ዓመት መንገዱን በሐሳቡ ነዳው። አንድ ጊዜ ዜብራ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ ለአምቡላንስ ሲለቅ የቀኝ ጎማው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቷል። ያ ይሆን? ፈቃዱ ከታገደ አውቶቡስ የለም፤ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም። ያ ዴስክ፣ ያ ሁለት ዓመት፣ ያ ሦስት ጊዜ ፈተና በአንድ ቃል ውሃ በላው።

ከግቢው በር ውጭ ፌርማታው ላይ ተቀምጦ ለሚስቱ ደወለ። ከወዲያ የስፌት መኪናው ይንጣጣል።

«ታግዷል አሉኝ።»

መኪናው ቆመ። «ማነው ያለው?»

«ሊቁ። ኮምፒዩተር ላይ አይቶ።»

«አንተስ አይተሃል?»

«እኔማ ከየት አያለሁ?»

«ስልክ ይዘሃል። ቁጥሩ እጅህ ላይ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስታጠና የከረምከው ምን ነበር? ሰላምታ?»

«የቢሮ ሰው እኮ ነው ያነበበው...»

«የቢሮ ሰው! ቢሮ የገባ ሁሉ ካነበበ የቢሮ ድመትም ታነባለች» ብላ ዘጋችበት። የስፌት መኪናው ድምፅ ጆሮው ላይ ቀረ።

የግቢው በር ላይ ዋናው መሥሪያ ቤት የለጠፈው ማስታወቂያ አለ፤ ከግርጌው ስልክ ሲደገንበት ገጹን የሚከፍት ነጠብጣብ የበዛበት አራት ማዕዘን። ደገነበት። ተከፈተለት። ቁጥሩን አስገባ፤ ቁጥር ላይ እንኳ ማንንም አይፈራም። ቀጥሎ አንድ ሣጥን መጣ። ሮ... ቦ... ት... አይ... ደ... ለ... ሁም። መጀመሪያ ስድብ መስሎት ተቀየመ፤ ዛሬ ያልሰደበው የለምና። ከዚያ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ አለው። እዚህ ላይ ፕሮፌሰር ቢመጣም አይቀድመውም። በአንዴ አለፈ።

ገጹ ተዘረጋ። «የፈቃዱ ሁኔታ» ከሚለው ጎን አንድ ቃል ብቻዋን ተቀምጣለች። አውራ ጣቱን ከሥሯ አደረገና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

ታ።

አዎ፣ ታግዷል ሊል ነው። ግን ቀጣይዋ ግ አይደለችም። ድ ናት። ዓይኑን አሽቶ ደገመ። ታ። ድ። ከድ ቀጥሎ ሷ። ከዚያ ል። ታ... ድ... ሷ... ል።

እውነቱን ለመናገር ደስ አላለውም፤ ደነገጠ። የተሳሳተው እሱ መሰለው። ለሊቁ ንባብ አሥራ አንድ ዓመት የሰገደ ሰው፣ የገዛ ዓይኑን በአንድ ጠዋት ማመን ይከብደዋል። አጠገቡ አንዲት ሴት የሽንኩርት ከረጢት እግሯ ሥር አስቀምጣ አውቶቡስ ትጠብቃለች።

«እህቴ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው፤ ይቺ ምን ትላለች?»

«ታድሷል ትላለች» አለች ሴትየዋ፣ ገና ስልኩን ሳትቀበል። ከዚያ ወደ ታች ወርዳ አነበበች። «የጥፋት ነጥብ፣ ዜሮ። መንዳት የሚፈቀድልዎ፣ የቤት መኪና፣ መለስተኛ አውቶቡስ፣ ትልቅ አውቶቡስ።»

«ትልቅ አውቶቡስ ይላል?»

«ይላል። ምነው፣ አውሮፕላን ፈልገው ነበር?»

ተነሣ። ግቢውን ሲያቋርጥ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ሊቁ ሆን ብሎ ለሚስቱ ወንድም አውቶቡስ ሊሰርቅለት ቃሏን ለወጣት። ክፉ ሰው! ብልጥ ሰው! በንዴቱ ውስጥ ትንሽ ፍርሃትም፣ ትንሽ አክብሮትም ነበረበት። ተንኮልም ቢሆን ዕውቀት ይፈልጋላ።

ሰልፉ ገና አላለቀም። መስኮቱ ጋ ደረሰ።

«ደግሞ መጣህ?» አለ ሊቁ።

«አለቃ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ። ስልኬ ላይ ሌላ ነው የሚለው።»

«ስልኩ! ሰማችሁ? እንቁላሉ ስልክ ማንበብ ጀመረ!» ሰልፉ እንደገና ሳቀ። ሊቁም ስልኩን ነጠቀና መነጽሩን ሰቀለ። ስልኩን አራቀው። አቀረበው። አዘነበለው። «ታ...» አለ፣ ከዚያ ዓይኑ መሃሉን ዘሎ ል ላይ አረፈ፤ ኩሬ ዘሎ ወዲያ ማዶ እንደሚያርፍ ሰው። «...ግዷል። ይኸው። ምን ልሁንልህ?»

እንቁላሉ ያንን ዝላይ አየው። ያውቀዋል። ከመማሩ በፊት፣ መንገድ ላይ የተጻፈውን በጫፍና በጫፉ ሲገምት የኖረው በዚያው ዝላይ ነው።

«ከሥሩ ያለውን መስመርስ?» አለ።

«የትኛውን?»

«ከሥሩ ያለውን። ቁጥር አለበት።»

ሊቁ ስልኩን እንደገና አራቀው። «ይሄ የሩቅ መነጽር ነው። የቅርቡን ቤት ረስቼው መጣሁ።»

በቃ። እንቁላሉ ቆሞ አየው። እንግዲህ ይሄ ነበር አሥራ አንድ ዓመት ያስደገደገው! ተንኮል እንኳን አይደለም። ተንኮለኛ ቢሆን ይሻል ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጠ ግምት ነው፤ ሦስት እስክሪብቶ የሰካ ግምት። ማዘን ነበረበት፤ የዚህን ሕመም የሚያውቅ ቢኖር እሱ ነው። ግን አላዘነም። እሱ ባለማወቁ ያፍር ነበር፤ ይሄ ሰውዬ ባለማወቁ ሰው ይሰድብበታል። እሱ ባለማወቁ አንገቱን ደፍቶ ዴስክ ፍለጋ ሄደ፤ ይሄኛው ድምፁን ጨመረ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ይሄኛው ግቢውን በሙሉ ለቅልቆታል።

«ሁለተኛዋን ፊደል ይበሉ» አለ እንቁላሉ።

«ምን?»

«ታን ብለዋል። ጥሩ ነው። ሁለተኛዋስ?»

ሰልፉ አንገቱን አሰገገ። እንዲህ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም።

«አንተ... አንተ መሃይም! እኔን ነው የምታስተምረኝ?»

«ድ ናት» አለ። «ድ። ሦስተኛዋ ሷ። የሳሙና ሳ አይደል? ያቺው ናት፣ ቅጥያ ያላት።»

ከኋላው ሪዛም የሆነ አሮጌ ሹፌር እጁን አስገብቶ ስልኩን ወሰደ። «ታድሷል!» ብሎ ጮኸ። «ነጥብ ዜሮ! ትልቅ አውቶቡስ! አለቃ፣ ምን ነክቶዎት ነው?» ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ አለውና ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ፣ እኔን ቅድም ለትልቅ አውቶቡስ አይፈቀድልህም ያሉኝስ? እስቲ ያንን ማያ ወደዚህ ያዙሩት!»

«የእኔንም!»

«የእኔም ይታይ!»

«ሂዱ ከዚህ! መሃይም ሁላ!» አለ ሊቁ። ግን ቃሉ አልሠራም፤ ባትሪው እንዳለቀ ክላክስ ከጉሮሮው ሳይወጣ ቀረ። ሪዛሙ በመስኮቱ እጁን ሰዶ ማያውን አዞረው። ሽቦው ተጎተተ፣ የሻይ ብርጭቆ ተደፋ። የሊቁ ሚስት ወንድም ሳይጠየቅ የአሥራ ሁለት ቁጥርን ቁልፍ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ እሱ ቢያንስ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ማንበብ ይችላል።

እንቁላሉ ቁልፉን አንሥቶ ሄደ። ሞተሩን አስነሥቶ ሊወጣ ሲል ሊቁ በጎን በር በኩል ሮጦ መጣ። መነጽሩ ደረቱ ላይ ይንገዋለላል። በመስኮቱ ሥር ቆሞ፣ በዚያ ግቢ ተሰምቶ በማያውቅ ቀጭን ድምፅ ተናገረ።

«ስማ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር በእኔና ባንተ መካከል ይቅር።»

ወንድሜ! ከመሃይም ወደ ወንድም ለመሻገር አንድ ፊደል በቃ ማለት ነው።

«በእኔና በእርስዎ መካከል ምንም ነገር የለም አለቃ» አለና ፍሬኑን ለቀቀ።

ስምንት ደቂቃ ዘግይቷል። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ እያማረሩ ተሳፈሩ።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ የት ጠፋችሁ?»

«ቢሮ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው ጠፍቶ ነው አባባ» አላቸው፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ እንዲሰሙት አድርጎ።