የአባቴ ጨጓራና የአባቴ እግር

ለዓመታት በቤታችሁ የኖረ ነገር አንድ ቀን ድንገት እንግዳ ሆኖባችሁ ያውቃል? እኔ ላይ በአባቴ የጨጓራ መድኃኒት ደርሶብኛል።

ሞጣ ባደግሁበት ቤት መድኃኒቱ እንደ ጨው የማይታጣ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ቃር ቢያስቸግራቸው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ታዘዘላቸው፤ ከዚያ በኋላ አላቆሙትም። እናቴ ማዕዱን ስታነሳ "ክኒንዎን አይርሱ" ትላለች፤ የቤታችን ምሳ የሚያበቃው በዚህ ነበር።

ያን ዘመን ሳስታውስ በበዓል ማሕሌት ሲቆሙ አያቸዋለሁ። ወረቡ ሲደምቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፤ እግራቸው ከከበሮው አይዘገይም። እኛ ልጆች ከኋላ ሆነን "ተኝተው ነው የሚዘምሩት" እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ቢቸና በመምህርነት ተመድቤ ለበዓል ሞጣ ስመለስ ግን ዓይናቸውን ገልጠው ሲዘምሩ አየሁ። እግራቸውን ይመለከታሉ። ወደ ቤት ስንሄድ ደግሞ አንድ ጫማቸው ወልቆ ቀርቷል።

"አባባ፣ ጫማዎ የት ሄደ?"

"እግሬ ላይ የለም እንዴ?" አሉ ዝቅ ብለው እያዩ።

"እንግዲህ ሙሽራ ሆነዋል፤ ጫማዎንም ሚዜ ይጠብቅልዎ!" አለች እናቴ።

እሳቸው አልሳቁም። "ከማሕሌቱ ልቀር ነው መሰል" አሉ ቀስ ብለው።

በአውቶቡስ ቢቸና ሐኪም ቤት አመጣኋቸው። ሐኪሙ አቆማቸውና "መሪጌታ፣ እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ" አላቸው። ገና ከመጨፈናቸው ተንገዳገዱ፤ ደግፈን ያዝናቸው። ከዚያ ስለ ክኒኑ ጠየቃቸው።

"መቼ ነው የሚውጡት?"

"ከበላሁ በኋላ ነዋ! ጠዋት በውሃ ውጬ ጾሜን ልግደፍ?"

"ቃሩስ ተወዎት?"

"የት ይተወኛል! ለዚህ ነው ማታም የምደግመው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ክኒን በደንብ የሚሠራው ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ሲወሰድ ነው። አባቴ ከበሉ በኋላ ስለሚውጡት ቃሩ አይለቃቸውም፤ ስላልለቀቃቸውም ይጨምራሉ። የጨጓራ አሲድ ለዓመታት ሲቀንስ ደግሞ ሰውነት ቢ-12 የሚባለውን ቫይታሚን ከምግብ መውሰድ ይቸግረዋል። ቫይታሚኑ ያለው በሥጋ፣ በወተትና በእንቁላል ውስጥ ነው፤ አባቴ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ጿሚ ናቸው። ሲያጥር ነርቭ ይጎዳል፤ እግርም መሬቱ አይሰማውም፤ ሰው በዓይኑ ካላየ ሚዛኑን ይስታል። የደም ምርመራው ይህንኑ አሳየ።

"ጾሙን ተው ልትለኝ ነው?" አሉ አባቴ ቆጣ ብለው።

"የለም፣ መርፌ እንሰጥዎታለን። ክኒኑን በአንዴ ካቆሙት ቃሩ ብሶ ይመለሳል፤ ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን። እስከዚያ ጾም ሲፈቱ መጀመሪያ ይዋጡት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይብሉ።"

"ቀኑን ሙሉ ጾሜ ውዬ፣ ምግቡ ፊቴ ቀርቦ ደግሞ ግማሽ ሰዓት? ይሄ ከዐቢይ ጾም ይከብዳል!"

ወራት አለፉ። ጣቶቻቸው ዛሬም ይደነዝዛሉ፤ የተጎዳ ነርቭ ቶሎ አይመለስም። ዘንድሮ ግን ማሕሌቱን ቆመው ፈጸሙ፤ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ግልጥ አድርገው። እኔ ከኋላ ቆሜ የድሮውን ዝማሬያቸውን ናፈቅሁ፤ ስለ አሁኑም አመሰገንሁ።

በቤታችሁ በየቀኑ የጨጓራ ክኒን የሚውጡ አባት ወይም እናት ካሉ፣ እባካችሁ ዛሬ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስዱት፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ጠይቋቸው። ክኒኑን አትንጠቋቸው፤ መልሱን ይዛችሁ አብራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።