የጋቢው ጫፍ

መቱ ውስጥ ለሚመረት የልብስ ሳሙና አስተዋዋቂ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ደንበኞቻችንን ሶር ወንዝ ዳር ሰበሰብኳቸው። ልብሱ ከእነሱ፣ ሳሙናው ከእኛ። ጉሙ ገና ከውሃው ላይ አልተነሳም ነበር። ሴቶቹ በውስጡ እየታዩ እየጠፉ ያጥባሉ፤ አረፋው ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ ድምፅ ማጉያ ይዤ ስለ ሳሙናው እለፈልፋለሁ። የሚሰማኝ የለም፤ በሽቄአለሁ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በኦሮምኛ ጀምረው «ኮቱ፣ ነይ ልጄ፤ እሱን አስቀምጪና ይህን ያዢልኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ አንዴ ይቆዩኝ» ብልም የራሰ ጋቢያቸውን ጫፍ እጄ ላይ ጣሉት። የራሰ ጋቢ ለብቻ አይጠመዘዝም። እሳቸው በዚያ፣ እኔ በዚህ አዞርነው፤ ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ቀና ስል ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነው ይጠመዝዛሉ። ጧት አይተዋወቁም ነበር።

ከዚያ በየወሩ ተገናኘን። ሳሙናው ግን አልሰነበተም፤ ማምረቻው ተዘጋ፣ እኔም ቡሬ ሌላ ሥራ ያዝኩ።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ መቱ መጥቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሴቶቹ አሁንም ጉሙ ውስጥ አሉ። የሚያጥቡት በሌላ ሳሙና ነው፤ የእኛን የሚያስታውስ የለም። አንዲት የማላውቃት ወጣት ግን፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳትጠይቅ፣ የጋቢዋን ጫፍ አቀበለችኝ።