ካርድ ያላወጡት ሽማግሌ

አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ውስጥ ለዓመታት በድሬሰርነት ሠርቻለሁ። ቁስል የማጥበው፣ መርፌ የምወጋው፣ መዝገብ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ካርድ ማውጣት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው በሩን ገፍቶ ይገባል፣ እኔም ገና ሳይቀመጥ ምን እንዳመመው አውቃለሁ።

መሀል ከተማ ትልቁ ሆስፒታል ስቀጠር ሰፈሩ ደስ አለው። «እንግዲህ እዚያም ሰው አለን» አሉ። እኔም አፌን መሰብሰብ ሲገባኝ፣ «ምን ችግር አለ፣ የታመመ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ» አልኩ። ጉራዬ ከእኔ ቀድሞ ሆስፒታል ገባ።

እዚያ ስደርስ ግን ሽንት ቤቱን ለማግኘት እንኳ ሦስት ሰው ጠይቄያለሁ። የተመደብኩት ፎቅ ላይ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ያለ ትእዛዝ ፋሻ እንዳልነካ፣ ያለ ፈቃድም ከክፍሉ እንዳልወጣ በመጀመሪያው ቀን ነገረችኝ።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ በመስኮት ቁልቁል ሳይ፣ ከግቢው በር ውጭ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። ዕድሜያቸውን ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። የግራ እግራቸው ቁስል አልድን ብሎ፣ ክሊኒኩ ሳለሁ በየቀኑ አጥብላቸው ነበር። «ትልቅ ሐኪም ካላየዎት እግርዎን ያጣሉ፣ እዚያ ስገባ ይምጡ» ያልኳቸው እኔው ነኝ።

ሲስተርን አሥር ደቂቃ እንድትፈቅድልኝ ለመንኳት።

«ምሳ ሰዓት ትወጣለህ» አለችኝ።

አንሶላ አነጥፋለሁ፣ መለስ ብዬ በመስኮት አያለሁ። ሽማግሌው ሰው ከበሩ በወጣ ቁጥር ቀና ይላሉ። ሰልፉ ገብቶ አለቀ፤ እሳቸው አልተነሡም። ስድስት ሰዓት ሲሆን እየሮጥኩ ወረድኩ።

«አባባ፣ ካርድ አወጡ?»

«የምን ካርድ? ለዘበኛው፣ ‹ልጄ ውስጥ አለ፣ እሱ መጥቶ ያስገባኛል› አልኩት።»

ደግፌ ካርድ ክፍል ወሰድኳቸው። የዕለቱ ካርድ አልቋል። እዚሁ የምሠራ ነኝ ብዬ ጸሐፊውን ብለምነው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለኝ። ሽማግሌው ሰሙ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ነገ ማልደው ይምጡና ሰልፍ ይያዙ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉ። የመመለሻው ባቡር ማምሻ ላይ ስለሆነ እዚያው ድንጋይ ላይ ሆነው ጠበቁኝ።

ባቡሩ ውስጥ የቁስላቸው ሽታ አጠገባችን የነበሩትን ሰዎች ከወንበራቸው አስነሣ። የምቀይርላቸው ፋሻ የለኝም፤ የክሊኒኩን ቁልፍ አስረክቤያለሁ።

አቃቂ ስንወርድ ጎረቤቶች ከበቡን። «እንዴት ሆነ? ታዩ?» አሏቸው። አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«እጄን ይዞ አስገባኝ እንጂ። ሐኪሞቹ ሁሉ ያከብሩታል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው።»

ውሸት ነው ማለት ነበረብኝ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ በመስኮት ሳይ፣ ሦስት የሰፈሬ ሰዎች ካርድ ሳያወጡ ከበሩ ውጭ ቆመው ይጠብቁኛል። ሽማግሌውን በዓይኔ ፈለግኋቸው። እሳቸው አልመጡም።