የዊትሴ ቀይ ጥጆች

ዊትሴ የሰው ፊት አይያዝለትም ነበር። በእናቴ ቀብር ዕለት እጄን ጨብጦ፣ "አንቺ የማን ነበርሽ?" አለኝ። በሲፕኬ ቤት ላም አላቢ መሆኔን ስነግረው ፊቱ በራ። "አሃ! የክላስኬ ቤት! ያቺ በግራ ጎኗ ድንች የመሰለ ነጭ ያለባት!" ክላስኬ ላም ናት። በእናቴ ሬሳ ፊት ሳቄ አምልጦኝ ሰዉ ጉድ አለኝ።

ምን ይደረግ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቦልስዋርድ ከተማ ዙሪያ በብስክሌት እየዞረ ጥጃ ሲስል የኖረ ሰው ነው። የእኛ የፍሪስላንድ ላም ጥቁርና ነጭ ቡሬ ናት፤ የአንዷ ቡሬነት ከሌላዋ አይገጥምም። ጥጃ በተወለደች በሳምንቷ ዊትሴ ይመጣል። የላም ጎንና ግንባር የታተመበት ካርድ ያወጣል፣ እርሳሱን በምራቁ ያርሳል፣ ጥቁሩን ያጠቁራል፣ የእናትና የአባቷን ስም ይጽፋል። ኮርማ መቼም አይታለብ! ለልጆቹ ያወረሰው ወተት የሚታወቀው እነሱ አድገው ሲታለቡ ነው፤ የሱ ልጆች ለመሆናቸው ደግሞ ምስክሩ የዊትሴ እርሳስ ነው። ካርድ የሌላት ጥጃ ለሥጋ ትሄዳለች። ገበሬው ሁሉ ይፈራው ነበር፤ እሱ ግን መፈራቱን የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ የማይወራ ነገር ነበረን። አልፎ አልፎ ከሁለት ጥቁር ቡሬዎች ቀይ ቡሬ ትወለዳለች። የዊትሴ ካርዶች የሚገቡበት የዘር መዝገብ ቀይ አይቀበልም። ቀይ ወለዱ ከተባለ የእናቲቱም የኮርማውም ስም ይጠፋል። ስለዚህ ዊትሴ ሳይደርስ ጥጃዋ ለአራጅ ትሰጥና "ሞታ ተወለደች" ይባላል። ሁሉም ያደርገዋል፣ ሁሉም ያውቃል፣ እሑድ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይዘምራሉ። እኔም አፌን ዘግቼ አብሬ ዘምሬአለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የዓለም ጦርነቱ ካለቀ በስምንተኛው ዓመት፣ በመጋቢት፣ ክላስኬ ወለደች። ጥጃዋ ወጣች፤ እንደ አዲስ ጡብ ቀልታ፣ ግንባሯ ቦቃ። ሲፕኬ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሚስቱ ሚንኬ ግን ገለባው ላይ ተንበርክካ በቀሚሷ ታደርቃት ጀመር። ሚንኬ ሦስት ልጅ ቀብራለች፤ አንዳቸውም ሳምንት አልሞላቸውም። የበኩሯን ኤልስኬ ብላት ነበር። ከሷ በኋላ ላሉት ስም አላወጣችም፤ "ስም ያወጣሁለት አይበረክትልኝም" ትላለች።

"ይቺን አትነካትም" አለችው።

"ሚንኬ፣ አትሞኚ እንጂ። ኮርማው የመንደሩ ነው። ስሙ ጠፋ ማለት የስንት ሰው በረት ከሰረ ማለት ነው።"

"ስትታለብ ቀለሟ ነው የሚታለበው?"

"ዘር ከልጓም ይስባል። ዛሬ ቀለሟ የሸፈተች ነገ ወተቷ ይሸፍታል። የአባቴ በረት እንዲህ ያለ ጉድ አይቶ አያውቅም!"

"አባትህን ተወውና እኔን እየኝ" አለች።

ቀና ብሎ አያት። "እሺ" አለ፣ "ሐሙስ ዊትሴ ይመጣል። ካርድ ከሰጣት ትኑር። ካልሰጣት ቅዳሜ አራጁ ይወስዳታል።" እንደማይሰጣት ያውቃል። በዊትሴ አሳቦ ከደሙ እጁን መታጠቡ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የኔ ብልጠት የመጣው። ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ! "እርሳሱ ጥቁር ነው" አልኳት ሚንኬን፣ "ጥጃዋም ጥቁር ከሆነች ማን ያውቃል?" የምድጃውን ጥላሸት በቅቤ ለውሰን ሐሙስ ጧት ቀዩዋን ከጆሮ እስከ ጭራ አጠቆርናት። ስንጨርስ ከጥጃዋ ይልቅ የከሰል ነጋዴ የመሰልነው እኛ ነበርን።

ዊትሴ መጣ፣ የእንጨት ጫማውን አራገፈ፣ ካርዱን አወጣ። ሲፕኬ በሩ ላይ ቆሟል። ላሞቹ ጭራቸው እንዳይቆሽሽ ሽቅብ በገመድ እንደታሰረ ያመነዥካሉ። ዊትሴ እርሳሱን አረሰ፣ ግንባሯን ሣለ፣ ጎኗን ሊያቀና እጁን ጣል ቢያደርግባት መዳፉ ጥቁር ሆኖ ተነሣ። መዳፉን አየ። የሚንኬን ክንድ አየ። እኔን አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

"ሚንኬ፣ እስቲ ሙቅ ውኃ አምጪልኝ" አለ።

ራሱ አጠባት። ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ በመሐረቡ እየሸፈነላት፣ "አይዞሽ፣ ቀስ፣ ጨረስኩ" እያለ። ቀዩ ሲወጣ ሚንኬ ማልቀስ ጀመረች።

"ጋሽ ዊትሴ፣ እባክዎ፣ በሞቴ! አንድ ካርድ ነው።"

"ልጄ፣ ካርዱ የኔ አይደለም። አንዴ ከዋሸሁ እስከዛሬ የሣልኩት ሁሉ ውሸት ነው።" ካርዱን ቀደደና ከኮቱ ውስጥ ጨርቅ የለበሰ አሮጌ ደብተር አወጣ። "እኔን ሞታ ተወለደች ትሉኛላችሁ። የሚያርደው ወንድሜ መሆኑን ትረሳላችሁ።"

ገለጠው። በየገጹ አንድ ጥጃ፣ በቀይ እርሳስ የተቀባች፤ እናቷ፣ አባቷ፣ ቀኑ፤ ከግርጌ ትንሽ መስቀል። ሁሉንም ከወንድሙ ጋሪ ላይ እንዳሉ ነው የሣላቸው። አርባ ሰባት ነበሩ፤ የእናቶቻቸውን ስም አነበብኩ፣ የጎረቤቶቻችን ምርጥ ታላቢዎች ናቸው!

"ሲፕኬ፣ ና ወዲህ። ይቺን አንብብ።"

ሲፕኬ አነበበ። የላሟ ስም ክላስኬ ነው፣ የአሁኗ ክላስኬ የቅድመ አያት እናት። የላሟ ባለቤት ስም የገዛ አባቱ ስም ነው። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

"አንተ በተወለድክበት ፀደይ ነው" አለ ዊትሴ። "አባትህ ከጋሪው አጠገብ ቆሞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ቀዩ ያኔም ነበረ፤ በጥቁሮቹ ውስጥ ተሸሽጎ ነው እዚህ የደረሰው። ከእናትም ከአባትም ካልመጣ ቀይ አትወጣም፤ ከአንዱ ብቻ ከመጣ ጥቁር ሆና ለልጆቿ ታሳልፈዋለች። እናንተ ቀይዋን አርዳችሁ ጥቁር እኅቷን ታሳድጋላችሁ። በከንቱ ነው የምታርዱት፣ ልጄ። ወተቱም እንደዚያው ከእናትም ከአባትም ይወረሳል፤ ግን በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ቀለሙን አይጠይቅም።"

ከዚያ ቀዩን እርሳስ አረሰና በአርባ ስምንተኛው ገጽ ላይ የኛዋን ሣለ። ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተወው።

ሲፕኬ የገጹን ግርጌ በጣቱ ነካና፣ "መስቀሉንስ መቼ ሊያደርጉባት ነው?" አለ።

"የማደርገው እኔ ነኝ እንዴ?"

ሲፕኬ ባርኔጣውን አወለቀ፣ በእጁ አሽከረከረው። "ለወንድምዎ ይንገሩልኝ፣ ቅዳሜ እንዳይለፋ" አለ። ሚንኬ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከክንዷ ያልለቀቀው ጥላሸት ፊቱን ሁሉ አዥጎረጎረው፤ ዊትሴ ለሰው የሚሆን ካርድ ቢኖረው ይስለው ነበር።

መንደሩ ግን አልማረንም። ኮርማው ተሸጠ፣ ሲፕኬን ሁለት ዓመት ሙሉ "ቀዩ ሰውዬ" አሉት። በሦስተኛው ዓመት ቀይዋ ወለደች፣ እኔው አለብኳት። እናቷን ክላስኬን ያለብኩ እጄ ወዲያው አወቃት፤ ያው ረጅም ጅረት፣ ያው ወፍራም ቅባት፣ ባልዲው ሞልቶ ሌላ አስመጣሁ። ሲፕኬ ባልዲዎቹን አየና ሄዶ ግንባሯን ሳማት። መዝገቡም እያደር ቀይ ተቀበለ፤ ያን ጊዜ የቀዮቹን ዘር የትኛው ከብት እንደተሸከመ የሚያውቅ ሲፈለግ የዊትሴ ደብተር ብቻ ተገኘ። በየቤቱ እያዞሩ የሚያነቡት የየራሳቸውን ኃጢአት ነበር፤ ደግ አደረጋቸው!

ቀይዋ አሥራ አራት ዓመት ኖራ በራሷ ጊዜ ሞተች። እስከዚያ ድረስ ሚንኬ እንደ በኩሯ እንዳትቀጭባት ፈርታ ስም አላወጣችላትም፤ "ቀይዋ" ብቻ ነበረች። ዊትሴ ያን ጊዜ ዓይኑ ፈዟል፣ እኛም ቤት እየመጣ ከበረቱ ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃል። ሚንኬ ደብተሩንና እርሳሱን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"ጋሽ ዊትሴ፣ አርባ ስምንተኛው ገጽ ነው። እንግዲህ መስቀሏን ያድርጉላት።"

በጣቱ ገጹን ዳሰሰ። "አይሆንም" አለ። "መስቀሉ እንዳይኖሩ ለተደረጉት ነው። ይቺማ ኖራለች። እዚህ ላይ የጎደለው ስሟ ነው፤ ማን ልበላት?"

እኔ የታጠበውን ባልዲ መልሼ አጥብ ጀመር።

"ኤልስኬ" አለች ሚንኬ።

ዊትሴ እርሳሱን በምራቁ አርሶ ጻፈው።