ሳናይ ወደ ታሰረው ባሕር ስትወርድ

ሳናይ ባሕር ውስጥ ቸኩላ አታውቅም። የብስ ላይ የሚያዩዋት ሰዎች ይህን ቢነግሯቸው አያምኑም፤ ገበያ ስትሄድ፣ ዓሣ ስትመርጥ፣ ሰው ስትጠራ ሁሉ ነገሯ ሩጫ ነው። የአየር ሲሊንደሯን አዝላ፣ መነጽሯን አጥልቃ፣ ከጀልባው ጠርዝ ወደ ኋላ ተንጋልላ ስትወድቅ ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። እናቷ ቤት እንደገባች፣ የቱ ጋ ምን እንደተቀመጠ በጨለማም እንደምታውቅ ሆና ቀስ ብላ ትወርዳለች።

የተወለደችው ባንዳ በሚባሉት የሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች፣ ከእሳተ ገሞራው ተራራ ፊት ለፊት ባለችው ደሴት ነው። ተራራው የፈነዳ ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የቀለጠው ድንጋይ ባሕር ሲገባ ውሃው ሲፈላ አይታለች፤ ዓሣ ተቀቅሎ ሲንሳፈፍም አይታለች። ሽማግሌዎቹ «በቃ፣ ይህ ቦታ ሞተ» አሉ። እሷ ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ኮራል እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ በጠረጴዛው ላይ ሌላ ጠረጴዛ ደርቦ በቀለ። ዛሬ ከሩቅ አገር የሚመጡ ጠላቂዎችን እየመራች የምታሳያቸው እሱን ነው። ለዚህ ነው አንድ ሰው «አለቀ፣ ሞተ» ሲል ስትሰማ ዝም ማለት የማይሆንላት።

ባሏ ላ ንዱላም ጠላቂ ነበር፤ እሱ ግን ጀልባ ላይ ከሚጮህ ሞተር በጎማ ቱቦ አየር እየሳቡ ከሚወርዱት ነበር። አንድ ቀን ከአርባ ሜትር ጥልቀት ሳያርፍ ተወርውሮ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሮቹ አልታዘዙትም። ሳናይ የጠላቂዎች ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ሆና የገባችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባሏን የጣለው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ። አወቀች፤ አውቃም አላቆመች፣ ራሷ መጥለቅ ተማረች። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሰው ታወርዳለች፣ ሰው ታወጣለች፣ አንድም ሰው አልጎደለባትም። አመሻሽ ላይ ላ ንዱላ መረብ ሲጠግን አጠገቡ ቁጭ ብላ ታንጎራጉርለታለች፦

ሄደህ እንዳትቀር ብዬ ብመክርህ፣
ደርሰህ ተመለስክ፣ እዚያው ቀርቶ እግርህ።

«ሌላ ዘፈን የለሽም?» ይላታል።

«ሌላ ባልም የለኝ» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት መንደሩን ያወከው ነገር የታሰረው ባሕር ነበር። በስተምሥራቅ ያለችው ወሽመጥ ከታሰረች አራት ዓመት ሆኗታል። የኮኮናት ቅጠል እንጨት ላይ ታስሮ በወሽመጧ አፍ ከተተከለ፣ እስኪነቀል ድረስ ማንም እጁን አያስገባም። የምትታሰረው ሎላ እንዲረባ ነው፤ ሎላ እንደ እንዝርት ሾጣጣ፣ ወፍራም፣ አዝራር የሚሠራበት ዛጎል የተሸከመ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ከመፈታቷ በፊት አንድ ሰው ብቻ ይገባል፤ ተመልካቹ። ብረት የሚባል ነገር ከላዩ ላይ አውልቆ፣ ሽርጥ አገልድሞ፣ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ያየው አለ፤ ያላየው የለም። ወጉ ይኸው ነው።

ተመልካቹ ላ ማኔ ነበሩ፣ የሳናይ እናት ወንድም፣ ሰባን ያለፉ ሰው። ሦስት ጊዜ ወረዱ፤ ሦስቴም «የለም» ብለው ወጡ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ መንደሩ ባሕር ዳር ተሰበሰበ። የቱቦ ጠላቂዎች የጫነ አንድ ጀልባ ከሌላ ደሴት መጥቶ፣ ወሽመጧ ትፈቀድልኝ እያለ ደጅ ሲጠና ሰንብቷል። ሃሊም የሚባለው ጎልማሳ ተነሣ። «ሎላ ከሌለ ምኑን ነው የምንጠብቀው? አራት ዓመት የቅጠል ዘበኛ ሆነን ከረምን። ይግቡና የቀረውን ይልቀሙ።» ብዙ ሰው «እውነቱን ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። የመንደሩ አለቃ ባፓ ሩስታም ወደ መሬት አዩ።

ሳናይ ግን ሎላው የት እንደገባ ታውቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ላዩ ውሃ ሞቆ ነበር፤ በሌላው ቦታ ሎላው ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ታች ሲወርድ በዓይኗ አይታለች። የአጎቷ ትንፋሽ ማጠሩንም ታውቃለች፤ እሱን ግን በሰው ፊት ማንሳት ሽማግሌን ማዋረድ ነው። ቱቦዎቹ አንዴ ከገቡ ደግሞ ትንሽ ትልቅ ሳይሉ ጠራርገው ይወጣሉ፤ ወሽመጧ ከዚያ በኋላ ለዘላለም ብትታሰርም ዋጋ የለውም።

«ባፓ፣ እኔ ልውረድ» አለች።

«በምንሽ?» አሉ ላ ማኔ። «በዚያ ጀርባሽ ላይ በምታዝይው ብረት? እኔ ሳልሞት ብረት እዚያ አይገባም።»

«አጎቴ፣ የወርቅ ጥርስዎ ሠላሳ ዓመት አብሮዎት ሲገባ ኖሮ የለም እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ላ ማኔ አፋቸውን ገጠም አደረጉ፣ ከዚያ ደግሞ ከፈቱ። «ወርቅ ብረት አይደለም።»

«የእኔም ሲሊንደር አልሙኒየም ነው።»

«ምላስሽ ግን ብረት ነው» አሉ ሽማግሌው፤ በዚህ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ቆይተው ግን ፊታቸው ጠና። «እሺ፣ ገባሽ እንበል። ምንም መንካት አትችዪም፣ ምንም ይዘሽ አትወጪም። ማን ያምንሻል? ተመልካቹ ያላየው የለም።»

«ስለዚህ ተመልካቹ ያያሉ» አለች ሳናይ። «አሥር ሰዓት ላይ የተራራው ጥላ ወሽመጧ ላይ ይወድቃል፤ ሥሩ ይጨልማል። እርስዎ ላዩ ላይ ተንሳፍፈው፣ ፊትዎን ውሃ ውስጥ አድርገው ይጠብቁኝ። አንድ ሎላ ባገኘሁ ቁጥር ባትሪዬን አንዴ ወደ እርስዎ አበራለሁ። ቆጣሪው እርስዎ ነዎት።»

ባፓ ሩስታም ቀና አሉ። «ይህ ወጉን አይሽርም» አሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ጥላው መጣ። ላ ማኔ የሳናይን ትርፍ መነጽር አጥልቀው፣ በደረታቸው ተኝተው ተንሳፈፉ። እሷ ከሥራቸው ወረደች። አምስት ሜትር፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፤ የኮራሉ ቀለም አንድ በአንድ እየጠፋ፣ ቀዩ ቡናማ፣ ብጫው ግራጫ እየሆነ። ገውዝ የሚባለውን የደሴቱን ቅመም የሚጭኑ ቀዛፊዎች ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያዜሙት ዜማ ልቧ ውስጥ ይመጣ ነበር፤

ገውዙ ሲበስል ይከፈታል አፉ፣
ባሕር ሥር ያሉትን ማን አየ ሲያርፉ።

ሃያ ሜትር ላይ ቀዝቃዛው ውሃ ጉንጯን ነካት፤ እዚህ ነው፣ አለች በሆዷ። ሎላ ቀን ቀን ይደበቃል። ሃያ አምስት ሜትር ላይ፣ ከአለቱ ሥር ባለው ስንጥቅ አጎንብሳ ብታይ፣ ጀርባው ጭቃ የመሰለ አንድ ትልቅ ሎላ ተለጥፎ ተቀምጧል። ባትሪዋን ወደ ላይ አበራች። ጎኑ ሌላ። አበራች። ቀጥሎ ሦስት ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው የሕፃን ራስ የሚያክሉ። እያበራች፣ እየዋኘች፣ ስንጥቁን ተከትላ ሄደች። ላይ፣ ሩቅ፣ የአጎቷ ገላ እንደ ትንሽ መስቀል ተዘርግቶ ብርሃኗን ይከተል ነበር።

ስትመለስ አምስት ሜትር ላይ ቆመች። እዚያ ሳይቆሙ መውጣት ላ ንዱላን ያደረገውን ያደርጋል። ላ ማኔ ግን ይህን አያውቁም፤ ምን ነካት ብለው በእጃቸው ጠሯት። ሦስት ጣቷን አሳየቻቸው፤ ሦስት ደቂቃ። አልገባቸውም። ትንፋሻቸውን ስበው ወደ እሷ ጠለቁ፤ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ነጭ ጸጉራቸው ተበትኖ ፊት ለፊቷ ደረሱ። ተያዩ። ሳናይ ደህና ነኝ ብላ ደረቷን ነካች። ሽማግሌው እጇን አንዴ ጨብጠው ወጡ።

ባሕር ዳር ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ላ ማኔ ሽርጣቸው ውሃ እያንጠባጠበ መካከል ገቡ።

«አየሁ» አሉ። «አርባ ሰባት ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ እንባም ይሁን ባሕር ሞላው፣ መቁጠሩን ተውኩ። ያሉት ትንፋሽ ከሚደርስበት በታች ነው። እናቶቹ ናቸው።»

«ካሉማ ደግ ነው፣ ይፈታ» አለ ሃሊም። «በቱቦ ይደረስባቸዋል።»

ላ ንዱላ ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ ፊት ገፋ። «ሃሊም፣ እግሬን ላውስህ? አርባ ሜትር ደርሶ የመጣ፣ ልምድ ያለው እግር ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳያልቅ ቀዘቀዘ። ሃሊም የላ ንዱላን ጉልበት አየና ዓይኑን ሰበረ። ባፓ ሩስታም አዲስ የኮኮናት ቅጠል እንዲቆረጥ አዘዙ። እናቶቹ ወልደው ልጆቹ ትንፋሽ እስከሚደርስበት ድረስ እስኪወጡ ወሽመጧ ታሰረች፤ ለጀልባው ሰዎችም በማግስቱ ጠዋት እምቢታው እንዲነገራቸው ተወሰነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳናይ ወንበሩን በአሸዋው ላይ ትገፋ ነበር።

«አየሁ ነው ያሉት» አለ ላ ንዱላ። «ያንቺን ስም አላነሱም።»

«አይተዋል እኮ።»

«ለመሆኑ ስንት ነበሩ?»

«ስልሳ ሁለት» አለች ሳናይ። «አርባ ሰባቱም በቅቷል፤ ባሕሩ ታስሯል።»